የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ይዞ ስፔንን በመኪና፦ ስንት ከተማ ይበቃል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ፍራንክፈርት የሚኖሩ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጃቸውን ይዘው ከሐምሌ 29 እስከ ነሐሴ 10፣ በአውሮፓውያኑ ከኦገስት 5 እስከ 16፣ ስፔን ሊሄዱ ነው። ማድሪድ ደርሶ መልስ ትኬት ገዝተዋል፣ መኪና ይከራያሉ። ያሰቡት መንገድ ማድሪድ፣ ቶሌዶ፣ ኮርዶባ፣ ሴቪያ፣ ሮንዳ፣ ማላጋ፣ ግራናዳ፣ ቫሌንሲያ፣ ባርሴሎና፣ ከዚያ ተመልሶ ማድሪድ ነው። «ይቻላል ወይ? የልጅቷን የመኪና ወንበር ከዚህ እንውሰድ ወይስ እዚያው እንከራይ? ባለቤቴ ፍልሰታን ትጾማለች፤ ምን ትበላለች?» ይላሉ።

ለሾፌር ይቻላል። ለልጅቷ ግን ይከብዳታል፤ ስለዚህ ከዘጠኙ ከተሞች አምስቱን እንድትተዉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ያሰባችሁት ዙር ከ2,300 ኪ.ሜ. በላይ ነው። ማቆሚያውንና የከተማውን መጨናነቅ ሳንቆጥር በአማካይ በሰዓት 90 ኪ.ሜ. ብትነዱ ልጅቷ ከ25 ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ታስራ ትውላለች። ከዚያ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። በነሐሴ ኮርዶባ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 37 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ከ40 የሚያልፍባቸው ቀናትም ብዙ ናቸው። በኦገስት 14 ቀን 2021 በዚያው አውራጃ ላ ራምብላ በተባለች ከተማ 47.6 ዲግሪ ተመዝግቧል። በዚህ ወቅት ትንሽ ልጅ ውጭ ልትሆን የምትችለው በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ2 ሰዓት በኋላ። በመሀል ያለው ጊዜ የጥላ፣ የእንቅልፍና የመዋኛ ገንዳ ነው። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከተማ የሚቀይር ሰው ጠዋቱን ሻንጣ በመጠቅለልና በመንዳት ይጨርሰዋል። ሴቪያ ደርሶ ሴቪያን ሳያይ ይሄዳል ማለት ነው።

እኔ የምለው ዙር ይህ ነው፦ ማድሪድ 2 ሌሊት፣ ኮርዶባ 2፣ ግራናዳ 3፣ አሊካንቴ 1፣ ቫሌንሲያ 3፣ በ12ኛው ቀን ወደ ማድሪድ መመለስ። አሊካንቴ ረጅሙን መንገድ ለሁለት ለመክፈል የምታድሩባት ናት። ጠቅላላው ከ1,500 ኪ.ሜ. ብዙም አይበልጥም። ሴቪያን መተው እንደሚያሳዝን ይገባኛል። ሴቪያ ግን በኤፕሪል የምትታይ ከተማ ናት፤ በኦገስት ከሕፃን ጋር አይደለችም። ባርሴሎናን ለብቻዋ ከፍራንክፈርት በአውሮፕላን ሂዱባት።

ማድሪድ እንደደረሳችሁ መኪናውን አትረከቡ። ለሁለት ቀን የመኪና ማቆሚያ እየከፈላችሁ ቆሞ ይውላል። ሬቲሮ ፓርክን ጠዋት፣ ፕራዶ ሙዚየምን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በነጻው ሰዓት ማየት ይቻላል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ናቸው። መኪናውን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከተማ ውስጥ ካለ ቢሮ ተረከቡ፤ አቶቻ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከሆነ በኤ-4 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ መውጣት ቀላል ነው።

ከማድሪድ ኮርዶባ 400 ኪ.ሜ. ነው፤ ከዙሩ ረጃጅም ቀናት አንዱ። ቶሌዶን በዚህ ቀን ለመጨመር አትሞክሩ። ዳገት የበዛባት፣ በድንጋይ የተነጠፈች ከተማ ናት፤ ጋሪ እየገፉ በሁለት ሰዓት የሚጨርሷት አይደለችም። በምትኩ ማድሪዴሆስ ላይ ከኤ-4 ውጡና 8 ኪ.ሜ. ያህል ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ኮንሱዌግራ ቁሙ። ኮረብታው ላይ 12 የንፋስ ወፍጮዎች ተደርድረዋል፣ መኪና እስከ ላይ ይወጣል፣ ልጅ የምትሮጥበት ሜዳ አለ። ጥላ ስለሌለ ግን ከ5 ሰዓት በፊት መድረስ አለባችሁ፤ ስለዚህ ከማድሪድ ለመውጣት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል አትለፉ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ምሳ በልታ ተኝታ ትጨርሰዋለች። ምሳ በልቶ በሙቀት የሚነዳ ሰው ግን እሱም ይተኛል። ስለዚህ ሁለታችሁም በኪራይ ውሉ ላይ በሾፌርነት ተመዝገቡ፣ ከምሳ በኋላ የሚነዳው ጠዋት ያልነዳው ይሁን። በየ2 ሰዓቱ ወይም በየ200 ኪ.ሜ. ቁሙ የሚለው የስፔን የትራፊክ ባለሥልጣን ምክር ለአዋቂ ነው፤ ነቅታ ላለች ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ከኮርዶባ ወደ ግራናዳ ሁለት መንገድ አለ። የጂፒኤስ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ኤን-432ን ይመርጣል፤ 160 ኪ.ሜ. ገደማ ሆኖ በወይራ ኮረብታዎች መሀል የሚጠማዘዝ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ነው። ልጅቷ መኪና የሚያስታውካት ከሆነ አይሆንም። በኤ-45 ወደ አንቴኬራ ወርዳችሁ በኤ-92 ብትሄዱ 40 ኪ.ሜ. ያህል ይጨምራል፣ ሰዓቱ ግን ያው ነው፤ መንገዱም ሰፊና ቀጥ ያለ ነው።

ግራናዳን ሦስት ሌሊት ያደረግሁት በከፍታዋ ምክንያት ነው። 700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሌሊቱ ከኮርዶባ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይተኛል። ቀኑ ከከበደ ደግሞ በኤ-395 ወደ ሴራ ኔቫዳ ብትወጡ ከ35 ኪ.ሜ. ባነሰ ርቀት 2,100 ሜትር ላይ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ልጅቷ ሆዷ ባዶም ሙሉም ሳይሆን፣ ደረቅ ዳቦ ቀምሳ ትውጣ።

የአልሐምብራን፣ የግራናዳውን ታላቅ አሮጌ ቤተ መንግሥትና ምሽግ፣ ትኬት ዛሬውኑ ያዙ። የኦገስት ትኬት ቀድሞ ያልቃል። ትኬቱ በስም ነው፣ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ይጠየቃል፤ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል፣ ግን የእሷም ትኬት አብሮ መያዝ አለበት። ይህን ብዙ ቤተሰብ ይረሳዋል። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በውስጡ ያሉት የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች መግቢያ ነው፤ ካለፈ አይገባም። ከዋናው በር እስከዚያ ከልጅ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ የጠዋቱን 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ምረጡና ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ጋሪ ቤተ መንግሥቶቹ ውስጥ አይገባም፤ አንቀልባ ወይም ማዘያ ያዙ። መኪና ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በከተማው መሀል ሳይሆን በደቡቡ ቀለበት መንገድ ግቡ። መሀሉ በካሜራ የሚጠበቅ፣ ፈቃድ ለሌለው መኪና የተከለከለ ነው። የኮርዶባ አሮጌ ከተማም እንዲሁ ነው። ሆቴላችሁ እዚያ ውስጥ ከሆነ የታርጋ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ላኩላቸው፣ ለፖሊስ ያስመዘግቡላችኋል። የተሻለው ግን ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብሎ የራሱ ማቆሚያና መዋኛ ያለው ቤት መያዝ ነው።

ከግራናዳ ቫሌንሲያ 490 ኪ.ሜ. ነው፤ በአንድ ቀን አትሞክሩት። ከግራናዳ 55 ኪ.ሜ. ላይ ጓዲክስ አለች፤ ሰዎች ከመሬት ፈልፍለው በሠሯቸው ዋሻ ቤቶች ዛሬም ይኖራሉ፣ ለጠዋት እረፍት ትሆናለች። በሙርሲያ አድርጋችሁ አሊካንቴ ትደርሳላችሁ፣ ማታ ልጅቷ ባሕር ዳር ትጫወታለች፣ በማግስቱ 180 ኪ.ሜ. ብቻ ይቀራል።

ቫሌንሲያ ከዙሩ ሁሉ ለልጅ የምትስማማው ናት። በአውሮፓውያኑ ከ1957ቱ ጎርፍ በኋላ የቱሪያ ወንዝ ከከተማው ውጭ እንዲፈስ ተደረገና አሮጌው የወንዝ ወለል 9 ኪ.ሜ. ያህል የሚረዝም መናፈሻ ሆነ። ዛፍ አለ፣ ሜዳ አለ፣ መኪና የለም። በውስጡ ጉሊቨር የሚባለው ትልቅ የተጋደመ ሰው አካሉ ሁሉ መንሸራተቻ ነው፤ መግቢያው ነጻ ነው። በቀን ፀሐይ መንሸራተቻው ቆዳ ያቃጥላል፤ ማታ ሂዱ፣ እሷም ብቻዋን አትንሸራተት። ኦሴያኖግራፊክ የባሕር እንስሳት ማሳያውን ለቀትር አስቀምጡት፣ ብዙው ክፍሉ ቤት ውስጥ ስለሆነ።

አሁን ወደ መኪናው ወንበር። ከቤት ውሰዱ። በስፔን ሕግ ቁመቱ ከ135 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ልጅ በልጅ ወንበር፣ ያውም ከኋላ መቀመጥ አለበት። ፊት ለፊት የሚፈቀደው መኪናው የኋላ መቀመጫ ከሌለው፣ ወይም ከኋላ በሌሎች ልጆች ተይዞ ቦታ ከጠፋ ነው። ቅጣቱ 200 ዩሮና 4 ነጥብ ሲሆን ፖሊስ መኪናውን ከቆመበት እንዳይንቀሳቀስ ሊያደርግ ይችላል። የኪራይ ወንበር ዋና ችግሩ ታሪኩ አለመታወቁ ነው፦ ግጭት ውስጥ ገብቶ ይሁን፣ ቀበቶው በስህተት ታጥፎ ገብቶ ይሁን አታውቁም። ብዙ ጊዜም መመሪያ የለውም፣ ሠራተኛው አቀብሎአችሁ ይሄዳል እንጂ አይገጥምላችሁም። የብዙ ቀን ኪራዩ ሲደመር የአዲስ ተራ ወንበር ዋጋ የሚጠጋበት ጊዜ ብዙ ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ግን የልጅ ወንበርና ጋሪ ያለ ክፍያ ይጭናሉ። ወፍራም ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ ስጡ፤ ሲመጣ ፕላስቲኩ እንዳልተሰነጠቀ አገላብጣችሁ እዩ። ብርቱካናማው መለያ ላይ አር129 ወይም አር44 የሚል ይፈለጋል። አሜሪካ የተገዛ ወንበር ይህ መለያ የለውም፤ ከዚያ ዘመድ አብሯችሁ የሚመጣ ከሆነ ይህን ንገሩት።

ሲገጠም፦ ከሾፌሩ ጀርባ ሳይሆን በቀኝ በኩል ይሁን፤ ስፔን በቀኝ ስለሚነዳ ልጅቷ የምትወርደው በእግረኛ መንገዱ በኩል ይሆናል። በመቀመጫውና በመደገፊያው መሀል ያሉትን ሁለት የአይሶፊክስ ብረቶች አግኙ፣ ሁለቱም ቀጭ እስኪሉና ምልክቱ አረንጓዴ እስኪሆን ግፉ። የመኪናው የራስ መደገፊያ ወንበሩን ወደ ፊት ከገፋው አውጡት። ወንበራችሁ የድጋፍ እግር ካለው ወለሉን አጥብቆ ይርገጥ። አንዳንድ መኪኖች ከወለሉ ሥር የዕቃ ሳጥን አላቸው፤ በክዳኑ ላይ እግሩን ማሳረፍ ክልክል ነውና መኪናውን ከመፈረማችሁ በፊት እዩት። ከላይ የሚታሰር ቀበቶ ካለው ደግሞ ከኋላ ባለው መንጠቆ አጥብቁት። ከዚያ ወንበሩን ከሥሩ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልተገጠመም። የልጅቷን ቀበቶ ከትከሻዋ ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፤ ከተቆነጠጠ ላልቷል።

ሲከራዩ የሚያጣላው ሌላው ነገር መያዣ ገንዘብ ነው። በዋናው ሾፌር ስም የተሰጠ ክሬዲት ካርድ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ጊዜ ከሺህ ዩሮ በላይ ይይዛሉ። በባንክ ካርድ ብቻ የሄደ ሰው ውድ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ይገደዳል፣ ወይም መኪናውን ያጣል። ነዳጅ «ሙሉ ወስዶ ሙሉ መመለስ» የሚለውን ምረጡ። መኪናውን ሳትነኩ በፊት ዙሪያውን፣ ጎማዎቹን፣ ጣሪያውንና የነዳጅ መለኪያውን በቪዲዮ ቅረጹ። ስኮርታ ጎማ አለው ወይስ የመንፊያ ዕቃ ብቻ? አንጸባራቂ ሰደርያና ቪ-16 የተባለው ብልጭ ድርግም የሚል መብራትስ? ይህ መብራት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በስፔን ታርጋ መኪኖች ላይ የሦስት ማዕዘኑን ምልክት ተክቷል፤ ከመኪናው ሳይወርዱ በመስኮት እጅ አውጥቶ ጣሪያ ላይ መለጠፍ ነው። መኪናው ትልቅ ባይሆን ይመረጣል። የስፔን ከተሞች ምድር ቤት ማቆሚያ ጠባብ ስለሆነ ረጅም ኋላ ያለው ተራ የቤት መኪና ከግዙፉ ይሻላል።

በመንገዱ ላይ ብዙ የሚያስፈራ ነገር የለም። ፍጥነት በአውራ ጎዳና 120፣ በተራ መንገድ 90፣ በከተማ 50 ነው፤ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ያለው የከተማ መንገድ ከ2021 ጀምሮ 30 ሆኗል። ብዙ ቅጣት የሚመጣው ከዚህ ከ30ው ነው። ቅጣቱን በ20 ቀን ውስጥ የከፈለ ግማሹ ይቀርለታል። በአደባባይ ላይ መውጣት የሚቻለው ከውጭኛው ረድፍ ነው፤ ከውስጥ ሆኖ አቋርጦ መውጣት ጥፋት ነው። የቀረጥ መንገድ ጉዳይ በዚህ ዙር ላይ ቀላል ነው፦ ኤ-4፣ ኤ-45፣ ኤ-92፣ ኤ-7 እና ኤ-3 ነጻ ናቸው፤ ከአሊካንቴ ቫሌንሲያ ያለው ኤፒ-7 ከ2020 ጀምሮ አይከፈልበትም። ስለዚህ ጂፒኤሱን «ቀረጥ አስወግድ» ብታደርጉት አትጎዱም። ነዳጅ ስትቀዱ ክብ ምልክት ቤንዚን፣ አራት ማዕዘን ናፍጣ ነው፤ ከሰልባቶዮው ክዳን ጋር አመሳክሩ። በሜዲትራኒያን ዳርቻ መንገድ አንድ ሰው እያመለከተ «ጎማችሁ ተንፍሷል» ቢላችሁ እዚያው አትቁሙ። የቆየ የሌባ ዘዴ ነው፤ ሰው ወዳለበት ማደያ ደርሳችሁ እዩት። መኪናው እውነት ከተበላሸ በቀኝ በር ወርዳችሁ ልጅቷን ይዛችሁ ከብረት አጥሩ ማዶ ቁሙ፣ 112 ደውሉ።

ሙቀትን በተመለከተ የምለው ይጠብቃል። ልጅቷን በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አትተዉ፤ ነዳጅ ለመክፈልም ቢሆን። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የመኪናው ውስጥ ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ የትንሽ ልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ በጣም ፈጥኖ ይሞቃል። ስትወርዱ ወንበሯን በነጭ ነጠላ ሸፍኑት፣ የቀበቶው ብረት ያቃጥላልና። ስትመለሱ አራቱንም በር ከፍታችሁ አየሩ ይውጣ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከ22 እስከ 24 ላይ አድርጉት። በጣም አቀዝቅዞ ወደ 40 ዲግሪ ማውጣት ልጅን ያውካል። ሦስት ሊትር ውሃ ሁልጊዜ ተሳፋሪው አጠገብ ይሁን፣ ሻንጣው ሥር አይደለም። ካስታወከች ወይም ካስቀመጣት አረንጓዴ መስቀል ያለበት መድኃኒት ቤት ገብታችሁ «ስዌሮ ኦራል» በሉ፣ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ የጨውና የስኳር ውሃ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው በማንኪያ ስጧት። ከ6 ሰዓት በላይ ካልሸናች፣ እንባ የሌለው ለቅሶ ካለቀሰች ወይም ከፈዘዘች ግን ማንኪያውን ትታችሁ «ኡርኼንሲያስ» ወደሚል የድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የጀርመን ጤና መድን ካርዳችሁ ጀርባ የአውሮፓው ካርድ ስለሆነ በመንግሥት ሆስፒታል ያገለግላል።

ጾሙ ነሐሴ 1፣ ኮርዶባ በምትገቡበት ቀን ይይዛል። እዚያ የሚያስቸግረው «ሥጋ የለበትም» የሚለው ቃል ነው። «ሲን ካርኔ» ስትሉ ብዙ አስተናጋጅ የሚገባው ቀይ ሥጋ ነው፤ ሃሞን የሚሉት የደረቀ የአሳማ ሥጋና ቱና ዓሣ አብሮ ይመጣል። «ሶይ ቬጋና» ማለት የሚጾመውን ሁሉ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ጋስፓቾ የሚሉት ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ የጾም ነው። የኮርዶባው ሳልሞሬሆ ግን ላዩ ላይ እንቁላልና ሃሞን ይነሰነስበታል፤ ያለነሱ ይዘዝ። «ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ» በሽምብራ የተሠራ ስፒናች ነው፣ ከእኛ ወጥ ብዙም አይርቅም። ተራው ሰላጣ በቱናና በእንቁላል ይመጣል። የተጠበሰ በደርጃን አንዳንዱ ቤት ወተት ውስጥ ይነክረዋል፣ ጠይቁ። ቫሌንሲያ ላይ ኦርቻታ ጠጡ፤ ወተት ይመስላል እንጂ ከመሬት ሥር ከሚበቅል ፍሬ የተጨመቀ ነው፣ ልጅም ይወደዋል። ባትጾሙም አሳማ ለማትበሉ ማንቴካዶ፣ ፖልቮሮንና ኤንሳይማዳ የሚባሉት ኩኪሶችና ዳቦዎች በአሳማ ስብ እንደሚሠሩ እወቁ።

ሁሉንም የሚያቀለው ግን ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ነው። ግማሽ ኪሎ ሽሮ ከጀርመን ይዛችሁ ብትገቡ ማንም አይከለክላችሁም። ምግብ ቤቶች ምሳ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የሚያበስሉት፤ በመሀል የተራበች ልጅ ይዞ መዞር ከባድ ነው። ዋናውን ምግብ ምሳ አድርጉና እራቱን ቤት ብሉ። ለልጅቷ ቶርቲያ የሚሉት የድንችና የእንቁላል ጥብስ በየቡና ቤቱ አለ። ሱፐርማርኬቶች እሑድ በብዙ ቦታ ዝግ ናቸው። ኦገስት 15 ደግሞ አገር አቀፍ በዓል ነውና ለመጨረሻው ሌሊታችሁ የሚሆነውን ምግብ ኦገስት 14 ቀን ግዙ።

የጉዞ ሰነድን በተመለከተ ከጀርመን ስፔን ሸንገን ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ሁለቱንም ይያዝ፤ ለልጅቷም የራሷ። እናንተን ሊቀላቀል ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግን የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ አያስገባውም፣ ቪዛ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻው ቀን ከቫሌንሲያ ማድሪድ በኤ-3 355 ኪ.ሜ. ነው። የበዓሉ ማግስት ስለሆነ ማድሪድ የሚመለሰው ሰው ከሰዓት በኋላ መንገዱን ይሞላዋል። በረራችሁ ማታ ቢሆንም ጠዋት 1 ሰዓት ተነሡ። ነዳጁን አየር ማረፊያው በር ላይ ሳይሆን ከመድረሳችሁ 20 ኪ.ሜ. ያህል ቀድማችሁ ሙሉና ደረሰኙን ያዙ። የልጅቷን ወንበር ነቅላችሁ ስታወጡ ከሥሩ የወደቀ አሻንጉሊት ካለ አብራችሁ አንሡላት።